የተገለበጠችው ኬ

ዌስት ፔሪ፣ ኦሃዮ
ማርች 3 ቀን 1975

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ወደ ሱቁ የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው መጽሐፍ ፈልጎ ሳይሆን ዝናቡን ሸሽቶ ነው። ቀትር ላይ ከኒውዚላንድ ደብዳቤ መጣ። የጻፈችው ቬርና ናት፣ የክላይድ ቴልፎርድ ልጅ። የክላይድ አያትና የእኔ አያት ወንድማማቾች ነበሩ። ለሌላው ሰው ይህ ሩቅ ዝምድና ነው፤ እኔና ክላይድ ግን አንድ ጊዜ ከወንድም እንቀራረብ ነበር። ካየሁት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የሚመጣልኝን ደብዳቤ እዚህ ማስታወሻ ውስጥ እለጥፋለሁ፣ የምልከውንም እገለብጣለሁ። ምን እንደላከ የማያስታውስ ነጋዴ ሱቁን ቢዘጋ ይሻለዋል።

*

ቲማሩ፣ ኒውዚላንድ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1975

ለተከበሩ አጎቴ ኦሪን፣

ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ሰላምታዬ በደህና ያግኝዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምቱስ ወገብዎን እንዴት አደረገው? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን፤ መኖር ከተባለ።

እናቴን ከቀበርን በኋላ አባቴን ወደዚህ እንዳመጣሁት ሳይሰሙ አይቀሩም። ባለፈው ኦክቶበር ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና አንደበቱ አብረው ሄዱ። ይሰማል፣ ይገባዋል፤ መናገር ግን አይችልም። ከኦሃዮ ሲነሳ ልብሱን ትቶ ያሸከመኝ ቤዝቦል እያዳመጠ ጨዋታውን የጻፈባቸውን መዝገቦቹን ነው፤ አንድ ሣጥን ሙሉ። አሁን ቀኑን የሚያሳልፈው እነሱን በማገላበጥ ነው። በግራ እጁ አንድ ቦታ ይነካና ቀና ብሎ ያየኛል። እኔ ምን እንደሚል አላውቅም። ጥቂት ይጠብቀኛል፣ ከዚያ ገጹን ያዞራል። በቀን አሥር ጊዜ እንዲህ እንሆናለን።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ቤዝቦል አልወድም ነበር። እሑድ ከሰዓት ሬዲዮኑን ከፍቶ እርሳሱን መቅረጽ ሲጀምር እኔ ከቤት እወጣ ነበር። አሁን የቀረው ቋንቋ ያ ብቻ ሆነ፣ እኔም አንድ ፊደሉን አልለይም። ሐኪሙ ክረምቱን መሻገሩን እጠራጠራለሁ ብሎኛል፤ የእኛ ክረምት ደግሞ ጁን ላይ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ሲያመለክተኝ «ገባኝ አባዬ» ብለው ደስ ይለኛል።

እዚህ የሚጠየቅ ሰው የለም። ባለቤቴ አሌክ የሚያውቀው ክሪኬት ነው። «የእኛ ጨዋታ አምስት ቀን ፈጅቶ አሸናፊ ላይኖረው ይችላል፤ የእናንተን ሰዎች ምን ያስቸኩላቸዋል?» ይለኛል። እናቴ ከሱቅዎ ጀርባ ያለው መደርደሪያ ሙሉውን ቤዝቦል ነው ትል ነበር። ምንም የማያውቅ ሰው ከየትኛው መጽሐፍ ይጀምራል? ዋጋውን ይጻፉልኝ።

እግዚአብሔር እድሜ ይስጥልኝ።
ቬርና

*

ዌስት ፔሪ
ማርች 4 ቀን 1975

ለቬርና፣

ሰላምሽ ይብዛ። ወገቤ እንዳለ ነው፤ መጽሐፍ ስለሚከብድ እንጂ በክረምቱ አይደለም። የአባትሽን ነገር ሰምቼ አዘንኩ። ምሕረቱን ያውርድለት፣ ለአንቺም ጉልበት ይስጥሽ። ዋጋውን ተዪው። በምትኩ ስለ ክላይድ ጻፊልኝ።

ሰው ሱቄ ገብቶ «ቤዝቦል ልማር፣ ምን ልግዛ?» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ለምን እንደሆነ ነው። መወራረድ ለሚወድ የቁጥር መጽሐፍ እሸጥለታለሁ፤ ወፍራም ነው፣ በየዓመቱ ይታተማል፣ በየዓመቱም ተመልሶ ይገዛኛል። ልጅነቱ ለናፈቀው የድሮ ተጫዋቾችን የሕይወት ታሪክ እሰጠዋለሁ። አንቺ የፈለግሽው የአባትሽን እጅ ጽሕፈት ማንበብ ነው። ስለዚህ መዝገብ አያያዝ የምታስተምር ቀጭን መጽሐፍ በአውሮፕላን ልኬልሻለሁ፤ አርባ ገጽ አትሞላም። ሌሎቹ በመርከብ ይከተላሉ። ከጨዋታው የደንብ መጽሐፍ አትጀምሪ። እሱ ለጠበቃ ነው፣ ያደክምሻል።

መጽሐፏ እስክትደርስ ይህን ያዢ። እያንዳንዱ ተጫዋች እንደቆመበት ቦታ ቁጥር አለው። ወርዋሪው አንድ ነው። ከመቺው ኋላ ተቀምጦ ኳሷን የሚቀበለው ሁለት ነው። የመታ ሰው ቤዝ የሚባሉትን ማዕዘኖች እየረገጠ ይሮጣል፤ ዞሮ መነሻው ሲደርስ አንድ ነጥብ ነው። አውት ማለት ከጨዋታ መውጣት ነው፤ ሦስት አውት ሲሞላ ዙሩ ያልቃል። መቺ ሦስት ስትራይክ፣ ማለትም ሦስት ያመለጠው ደህና ኳስ፣ ሲቆጠርበት አውት ነው፣ በመዝገቡ ላይ ባለው ሳጥኑም ውስጥ ኬ የምትባለው ፊደል ትጻፍበታለች። ዱላውን ሰንዝሮ ስቶ ከሆነ ኬዋ እንደማንኛዋም ኬ ትጻፋለች። ዱላውን ሳያነቃንቅ ኳሷ መሀል ለመሀል አልፋው ዳኛው ስትራይክ ካለ ግን ኬዋ ተገልብጣ፣ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ትጻፋለች። ይህን ያወቀ ሰው ያላየውን ጨዋታ ያያል።

ሁልጊዜ በእርሳስ ነው የሚጻፈው። መዝጋቢ ሐሳቡን ይቀይራል።

አጎትሽ ኦሪን

*

ቲማሩ
ማርች 30 ቀን 1975

ለተከበሩ አጎቴ ኦሪን፣

የፋሲካው በረከት ይድረስዎ። ቀጭኗ መጽሐፍ በአሥራ አንድ ቀን ደረሰች። ምግብ እያበሰልኩ አነበብኳት፤ ሁለት ገጽ ሾርባ ፈሶባቸዋል። ሐሙስ ዕለት አባቴ አንድ ሳጥን ሲነካ «ስድስት ቁጥሩ ለሦስት ቁጥሩ ወርውሮ አውት» አልኩት። አየኝ። ጣቱን ሳያነሳ ረጅም ሰዓት አየኝ። ከዚያ የሚቀጥለውን ነካ። ዐሥራ ሁለት ሳጥን አነበብኩለት። ሦስቱን ተሳስቼ በጣቱ መታኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግርዎትም።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። መዝገቡን ገልጠን ስንቀመጥ ግራ እጁን ጭኑ ላይ ያደርግና ሁለት ጣት ወደ ታች ይዘረጋል። ሁለት ማንኪያ ስኳር መሰለኝ፤ ሻዩን አጣፍጬ ሰጠሁት፣ ፊቱን አዞረ። ሁለተኛ ትራስ አመጣሁ፣ አልፈለገም። አሌክ «ሁለት ቢራ ነው የሚለው፣ አንደኛው የእኔ ነው» አለ። አባቴ አልሳቀም። በመጽሐፏ ውስጥ ፈለግሁ፤ የለም። እርስዎ ያውቁት ይሆን?

ቬርና

*

ኤፕሪል 12 ቀን፣ ቅዳሜ

እንደ ሁልጊዜው ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ምድጃው ዙሪያ ተቀምጠው ሲጨቃጨቁ ዋሉ። አንድም መጽሐፍ አይገዙም፤ ግን ሌላው ሰው እነሱን ሰምቶ ይገዛል። ክላይድ መታመሙን ነገርኳቸው። ጡረተኛው ጸጉር አስተካካይ ፐርዲ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶም አጠለቀ። «ምስኪን ክላይድ» አለ፣ «ወንዙን ልምታ ብሎ ቢወረውር ድልድዩን የሚመታ።» ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህች ቀልድ ፈገግ ብያለሁ።

ሁለቱ ጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

*

ዌስት ፔሪ
ኤፕሪል 14 ቀን 1975

ለቬርና፣

ለበረከቱ አሜን። በረከቱ ለእናንተም ይትረፍ። ሦስት ብቻ ከተሳሳትሽ በርቺ፤ እዚህ ሱቅ የሚቀመጡት ከዚያ በላይ ይሳሳታሉ።

በመርከብ የላክሁት እሽግ ጁን መጀመሪያ ላይ ይደርስሻል። በዚህ ቅደም ተከተል አንብቢያቸው። መጀመሪያ ሥዕል ያለበትን የልጆች መጽሐፍ፤ አትፈሪ፣ ትልልቅ ሰዎች ተደብቀው የሚገዙኝ እሱን ነው። ቀጥሎ ስለ ወርዋሪዎች የተጻፈውን፤ ቀጥተኛውን ኳስ ከሚታጠፈው እንዴት እንደሚለዩ ያሳይሻል። መጨረሻ ላይ ሠላሳ ዓመት ዳኛ የነበረ ሰው የጻፈውን። ማንም አይገዛውም፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን እሱ ነው። ዳኛ የቆመበት ቦታ ሌላ ሰው የማያየው ይታያል። ሳምንታዊ የስፖርት ጋዜጣም አስገብቼበታለሁ፤ የጨዋታውን ማጠቃለያ ሰንጠረዥ ለአባትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ሬዲዮን ይተካል።

ክላይድ ከበፊቱ ከስቷል? ምግብ ይበላል?

አጎትሽ ኦሪን

*

ቲማሩ
ጁን 9 ቀን 1975

ለተከበሩ አጎቴ ኦሪን፣

ሰላም ለእርስዎና ለሱቅዎ ይሁን። እሽጉ ደረሰ። አባቴ ከስቷል። ቁርስ ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እየለመንኩት ነው። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ወደቡ ላይ ሥራ ስለቀነሰ አሌክም ቤት ነው፣ እኔም ሌሊት አልተኛም። ግን ዳኛውን አንብቤ ጨረስኩ። «ዳኛ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል» የሚለውን ቦታ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አሁን የምጠይቅዎት አለኝ። ሣጥኑ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ መዝገብ ነበር። አባቴ በአገጩ እያሳየ መዝገቡን አስወጣኝ። በመጀመሪያው ገጽ ኦገስት 19 ቀን 1934፣ ዌስት ፔሪና ማርሎው ይላል። አባቴ ራሱ ሲወረውር የነበረበት ጨዋታ ነው፤ ሲያበቃ ከራሱ እያስታወሰ የጻፈው ይመስለኛል። በመጨረሻው፣ በዘጠነኛው ዙር ላይ ሁለት ለሁለት ናቸው። የማርሎው የመጀመሪያው መቺ መትቶ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ደረሰ። ከዚያ ኬ አለ። ኬ አለ። የተገለበጠች ኬ አለች፣ ከጎኗ ደብልዩ እና ፒ የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። ከዚያ ሌላ ኬ። አራት ናቸው።

በአንድ ዙር ሦስት አውት ነው ብለውኛል። ታዲያ አራት ኬ እንዴት ሊሆን ይችላል? አባቴ ተሳስቶ ይሆን? እንዲህ ስለው በጣቱ መታኝ፣ ተሳስተሻል ማለቱ ነው። ከዚያ ያንን ሁለት ጣት ዘረጋ። ይህን ገጽ ሳላነብለት እንዳይሄድብኝ ፈራሁ። እባክዎ የደንቡን መጽሐፍ ይላኩልኝ፤ ለጠበቃም ቢሆን።

ቬርና

*

ጁን 21 ቀን

የደንቡ መጽሐፍ አምስት ቅጂ መደርደሪያው ላይ አለ። የምትፈልገውም ነገር ግማሽ ገጽ አይሞላም። መጀመሪያም ያልላክሁላት ስለሚከብድ አልነበረም።

ጁላይ 12 ቀን

አልጻፍኩላትም። ሙቀት ነው። ለአንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አንድ ሳጥን ሸጥኩ።

*

ዌስት ፔሪ
ጁላይ 28 ቀን 1975

ለቬርና፣

ሰላምታዬ ለሁላችሁም። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር። የደንቡ መጽሐፍ ለጊዜው እጄ ላይ የለም። ደብልዩ ፒ ማለት ወርዋሪው ኳሷን ከመስመር አስወጥቷት ተቀባዩ ሊደርስባት አልቻለም ማለት ነው፤ ጥፋቱ የወርዋሪው ነው። ስለ አራቱ ኬ ግን የዚያን ዘመን መዝገብ ብዙ አትመኚው። ሰው ከራሱ አስታውሶ ሲጽፍ አንዳንዴ ያበዛል።

የሰሞኑን ሁለት ጨዋታ ከሬዲዮ በካሴት ቀድቼ ልኬልሻለሁ። ይህ ከአሮጌ ወረቀት ይልቅ ያስደስተዋል።

ኦሪን

*

ቲማሩ
ኦገስት 24 ቀን 1975

ለተከበሩ አጎቴ ኦሪን፣

ጤና ይስጥልኝ። ካሴቱ ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ ግማሹን ሰማ፣ ግማሹን ተኛ። ኦገስት 10 ቀን ሁለተኛ ስትሮክ መታው። አሁን ከአልጋ አይነሳም። ሐኪሙ የሚመጣው ለእኔ ብሎ ይመስለኛል።

የደንቡ መጽሐፍ ባይኖርዎትም ነገሩን አገኘሁት። ሴቶች እዚህ ሶፍትቦል ይጫወታሉ፤ ኳሱ ተለቅ ይላል እንጂ ያው ነው። አሁን ክረምት ስለሆነ ሜዳው ባዶ ነው። መዝጋቢያቸው ሜሬ ግን ዓሣ ቤት ትሠራለች። ዓሣ ስትጠቀልልልኝ ስለ አራቱ ኬ ነገርኳት። እጇን ሳታቆም «አንቺ አሜሪካዊት አይደለሽም እንዴ? ይህን እኔ ላስተምርሽ?» አለችኝ። «ሦስተኛው ስትራይክ ሲወረወር ተቀባዩ ኳሷን ካልያዛት መቺው ሞቷል አይባልም። ሮጦ የመጀመሪያው ቤዝ ላይ ከደረሰ ይተርፋል። ኬዋ ትጻፋለች፣ ሰውየው ግን አውት አይደለም። አራት ብቻ አይደለም፣ አምስትም ያየሁበት ቀን አለ፤ የእኛ ተቀባይ ያገባች ሰሞን።»

ዓሣውን እንደያዝኩ ሮጬ ቤት ገባሁ። ስለዚህ አባቴ አልተሳሳተም። ሁለት አውት ሆኖ ሦስተኛው ኬ አመለጠች፣ ከሦስተኛው ቤዝ ያለው ሰው ገባ፣ ዌስት ፔሪ ሦስት ለሁለት ተሸነፈ።

ግን አጎቴ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ኬዋ የተገለበጠች ናት። መቺው አልሰነዘረም፤ ዳኛው ነው ስትራይክ ያላት። ዳኛ ስትራይክ የሚለው ኳሷ መሀል ለመሀል ስታልፍ እንደሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። መሀል ለመሀል ያለፈች ኳስ ከመስመር ወጥታለች አይባልም። የተገለበጠች ኬና ደብልዩ ፒ አንድ ሳጥን ውስጥ አብረው ሊኖሩ አይችሉም። ከሁለቱ አንዱ እውነት አይደለም። አባቴ በራሱ ላይ ለምን ዋሸ?

ከዚያ የዌስት ፔሪን ገጽ ገለጥኩ። ሁለት ቁጥር የተቀባዩ ነው። በሁለት ቁጥር ላይ የተጻፈው ስም «ኦሪን» ይላል።

ካሴት አልፈልግም። ጊዜም የለኝም። የሚያውቁትን ይጻፉልኝ፣ ለአባቴ አነብለታለሁ።

ቬርና

*

ዌስት ፔሪ
ሴፕቴምበር 5 ቀን 1975

ለቬርና፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ሱቁን ዘግቼ ነው የምጽፈው። እግዚአብሔር ይህ እስኪደርስ እንዲያቆየው እየለመንኩ ነው፤ ከዚህ ሌላ ምርቃት ዛሬ አፌ ላይ አይመጣም።

የደንቡ መጽሐፍ ነበረኝ። እጄ ላይ የለም ያልኩሽ ውሸት ነው።

ያን ቀን ከትልቅ ክለብ የመጣ ተጫዋች መልማይ ሜዳው ላይ ነበር፤ የገለባ ኮፍያ ያደረገ ሰው። ሊያይ የመጣው ክላይድን ነው። እኔ ግን ሁለታችንንም አብረው ይወስዱናል ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ ወርዋሪው የለመደው ተቀባይ አብሮት ይሄዳል እያልኩ። ዘጠነኛው ዙር ላይ ክላይድ ሁለት መቺዎችን አውት አደረጋቸው። በቀጣዩ መቺ ላይም ሁለት ስትራይክ ተቆጠረበት። ምልክቱን የሚሰጠው ተቀባዩ ነው። ጭኔ መሀል ሁለት ጣት ዘረጋሁ። አንድ ጣት ቀጥተኛው ኳስ ነው፣ ሁለት ጣት የሚታጠፈው። ከዚያ ዐይኔ ወደ ኮፍያው ሄደ። መልማዩ ሲጠይቀኝ ምን ብዬ እንደምመልስለት ማሰብ ጀመርኩ፤ ያልተሸጠ ዕቃ ላይ መደራደር ያኔም ልማዴ ነበር። ሐሳቤ ሲመለስ ምን እንዳሳየሁ ረስቼ ነበር። አንድ መሰለኝ። ጓንቴን ከፍ አድርጌ ጠበቅሁ። ኳሷ እንዳዘዝኳት መጣች፣ መቺው ፊት ታጠፈች፣ እሱም ደርቆ ቀረ። ዳኛው ስትራይክ አለ። ጓንቴ ግን ከላይ ነበር፣ እሷ ከሥሩ አልፋ ከኋላዬ ያለው የሽቦ አጥር ጋ ደረሰች።

የከተማው መዝጋቢ አስተማሪው ኤበርሶል ነበር። ከተቀመጠበት ፊት ለፊት ምሰሶ አለ፤ አላያትም። ጨዋታው ሲያልቅ መዝገቡን ይዞ መጣ። «ልጆች፣ ያቺ ኳስ የማን ናት?» አለ። መልማዩ ከኋላው ቆሟል።

አፌን ከፈትኩ። ክላይድ ቀደመኝ። «የእኔ ናት» አለ፣ «ከእጄ አፈነገጠች።»

ዳኛው ጫማውን እያራገፈ ነበር። ማንም አልጠየቀውም። እኔም ዝም አልኩ። መልማዩ ለአሠልጣኛችን እጁ ጥሩ ነው፣ ግን ሦስተኛው ቤዝ ላይ ሰው ሲቆም የሚያፈነግጥ ወርዋሪ አንፈልግም ብሎ ሄደ። አባትሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ፋብሪካ ሠራ። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ «ቶሎ ቶሎ እንራመድ፣ ርቦኛል» አለኝ። ስለዚያች ኳስ በሕይወታችን የተነጋገርነው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ፊቱን ማየት እየከበደኝ መጣ፣ እኔም እየራቅሁ ሄድኩ። ሥራ አለብኝ ብዬ ከሠርጉ የቀረሁትም በሥራ አልነበረም።

ሁለቱ ጣት ስኳር አይደለም። የእኔ ምልክት ነው። ያዘዝከውን ወርውሬ ነበር ማለቱ ነው።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። የተጻፈው በእርሳስ ነው። ደብልዩ ፒን አጥፊና በቦታው ፒ እና ቢ ጻፊ፤ ተቀባዩ አሳለፈ ማለት ነው። አባትሽ እያየሽ ጻፊው።

ኦሪን

*

ቲማሩ
ሴፕቴምበር 20 ቀን 1975

ለአጎቴ ኦሪን፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በሰዓቱ ደርሷል፤ አባቴ አለ።

ማክሰኞ ከሰዓት መስኮቱን ከፍቼ አነበብኩለት። አሌክም በሩ ላይ ቆሞ ሰማ፣ ሲያልቅ ምንም ሳይቀልድ ወጣ። ስለ ሁለቱ ጣት ያሉት ቦታ ላይ ስደርስ የአባቴ እጅ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣችና ሁለት ጣት ዘረጋች። ስኳር አላመጣሁም። ደብዳቤውን አስቀምጬ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አልኩና እጆቼን እንደ ጓንት ገጥሜ ዝቅ አድርጌ ያዝኩለት። ሳቀ። ሳቁ በግማሽ አፉ ነው፣ ድምፅም የለውም፤ ግን ሳቅ ነው። «ገባኝ አባዬ» አልኩት። ፌብሩዋሪ ላይ የጻፍኩልዎት ይህንን ነበር።

ከዚያ እርሳስ እንደፈለገ አሳየኝ። መዝገቡን ገልጬ ደረቱ ላይ ያዝኩለት፣ እርሳስና ላጲስ ሰጠሁት። እርስዎ የለመኑትን እሱ ራሱ ሊያደርገው ነው ብዬ ነበር። ላጲሱ ወደ ደብልዩ ፒ አልሄደም። የተገለበጠችውን ኬ አጠፋት። ጊዜ ወሰደበት፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሶ ነበር። ዱቄቱን በትንፋሹ እፍ አለ። ከዚያ በግራ እጁ፣ እንደ ሕፃን ጽሕፈት እየተንቀጠቀጠች፣ ቀጥ ያለች ኬ ጻፈ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ማንበብ መቻሌን ሊያይ ነው።

አነበብኩት። መቺው ሰንዝሮ ሳተ። ወርዋሪው አፈነገጠ። ተቀባዩ ምንም አላጠፋም። አሁን ማንም ሰው የፈለገውን ያህል መጽሐፍ አንብቦ ቢመጣ በዚያ ሳጥን ውስጥ ስህተት አያገኝም። መዝገቡን በግራ እጁ ዘጋው።

ስለዚህ የጠየቁኝን አላደረግሁም። አልቻልኩም፤ መዝገቡ የእሱ ነው።

ደክሞታል፣ አሁን አብዛኛውን ሰዓት ይተኛል። እኔም ደክሞኛል። ጨዋታ እዚህ ኖቬምበር ላይ ይጀመራል፣ ሜሬ ረዳት መዝጋቢ ትፈልጋለች። የደንቡን መጽሐፍ አሁን ቢልኩልኝ እወዳለሁ።

እግዚአብሔር ያክብርልኝ።
ቬርና

*

ኦክቶበር 4 ቀን፣ ቅዳሜ

ነፋስ። ሽማግሌዎቹ እንደተለመደው ምድጃው ዙሪያ ናቸው። የደንቡን መጽሐፍ በወፍራም ወረቀት ስጠቀልል ፐርዲ ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለክላይድ ልጅ አልኩት። «ኧረ ተው፣ አባቷ ወንዙን ልምታ ብሎ» ብሎ ጀመረ።

ሲባጎውን አሰርኩ። «ያቺ ኳስ ባዘዝኳት ቦታ ነው የመጣችው» አልኩ። «ያሳለፍኳት እኔ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። ፐርዲ ኮፍያውን አወለቀ። «አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ቆይተህ ዛሬ ትነግረናለህ?» አለ።

ፖስታ ይዘገያል አልኩት።